በባቡር ሄደን በመርከብ ላይ ሰነበትን

ጎረቤት አገርን ማወቅ በሁለት መንገድ ይሆናል። አንደኛው በካርታና በመዝገብ ነው። ሁለተኛው ሄዶ በማየት፣ ከሰው ጋር እንጀራ ቆርሶ በመነጋገር ነው። በመሥሪያ ቤት የምንውል ሰዎች የመጀመሪያውን መንገድ እናዘወትራለን። ጠረፍ ሲባል ወዲያው የሚታየን በወረቀት ላይ የተሰመረው መሥመር፣ የኬላው መዝገብ፣ የይለፍ ወረቀቱና ማኅተሙ ነው። ይህም ተገቢ ነው፤ መንግሥት ያለ መዝገብ አይቆምምና። ነገር ግን ከመሥመሩ ወዲህና ወዲያ ያሉት ሰዎች አንዱ ለሌላው ምን እንዳደረገ ካርታው አይናገርም። ስለዚህ ዛሬ በዚህ አጭር ንግግሬ ከመተማ ተነሥቶ እስከ ካርቱም ስለሚደርሰው መንገድ፣ በዚያም መንገድ በ1955 ዓ.ም. ከአንድ ወዳጄ ጋር ስላደረግሁት ጉዞ፣ በጉዞውም መጨረሻ በዓባይ ላይ በታሰረች አንዲት አሮጌ መርከብ ስለ ተሰጠን ማደሪያ ላጫውታችሁ አስቤአለሁ። ይህንንም የማደርገው ያለፈውን ለማስታወስ ብቻ አይደለም። ያ መንገድ ዛሬም የሚጠይቀን ጥያቄ ስላለው ነው።

ከጎንደር ወደ መተማ የሚወርድ ሰው 200 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ አየሩንም ልብሱንም ይለውጣል። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስትገኝ፣ መተማ ከ800 ሜትር በታች ናት። አይከልን አልፎ ወደ ሸኸዲ ሲወርዱ ደጋው ከኋላ ይቀራል። ጤፉና ገብሱ በሰሊጥ፣ በማሽላና በጥጥ ይተካል፤ የዕጣን ዛፍ በየኮረብታው ይታያል፤ ደገኛውም ጋቢውን አጥፎ በትከሻው ላይ ይጥላል። ከተማይቱን በሙሉ ስሟ መተማ ዮሐንስ የምንላት፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ በዚያ ሜዳ ቆስለው ስለ ወደቁ ነው። ከዚያም 52 ዓመት ቆይቶ፣ በ1933 ዓ.ም.፣ የኢጣሊያና የእንግሊዝ ጦር በመተማና በጋላባት መካከል መድፍ ተታኮሰ። ከሁለቱም ጦርነት በፊት የነበረው፣ ከሁለቱም በኋላ የቀረው ግን ገበያው ነው። መተማና ጋላባትን የሚለያቸው አንድ ደረቅ ወንዝ ሲሆን፣ በዚያ ላይ ሰውና ግመል፣ ሰሊጥና ጨርቅ ሲመላለስ የኖረው ከነገሥታቱም ከመድፎቹም በቀደመ ልማድ ነው።

ስለ ወንዝ ከተነሣ ዘንድ አንድ ነገር ልጨምር። ከጣና በስተ ምዕራብ ካለው አገር ተነሥተው ወደ ሱዳን የሚወርዱ ሦስት ወንዞች አሉን፤ ጓንግ፣ ሽንፋና አይማ ናቸው። ሦስቱም ድንበሩን ሲሻገሩ ስማቸውን ይለውጣሉ። ጓንግ አትባራ ይባላል፤ ሽንፋ ራሃድ ይሆናል፤ አይማም ዲንደር ተብሎ ይጠራል። ውሃው ግን ያው ውሃ ነው። ይህን ነገር ከብዙ መጻሕፍት ይልቅ ወዳጄ በባቡር መስኮት አስተማረኝ፤ ወደዚያም እመለሳለሁ።

ወዳጄ በዚያን ጊዜ በጠረፍ ላይ የሚያገለግል የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ እኔም በጎንደር መዝገብ ቤት እሠራ ነበር። እርሱ ዐረብኛ ያውቃል፤ እኔ ከሰላምታ በቀር አላውቅም። የዓመት ፈቃዳችን በየካቲት ተገጣጠመና፣ ‹‹ካርቱም በውሃ ላይ ቤት ያለው አንድ ዘመድ አለኝና አብረን እንሂድ›› አለኝ። ዘመድ ያለው የሥጋ ዘመዱን አልነበረም። ነገሩ እንዲህ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በግንቦት 1894 ዓ.ም. የተዋዋሉት ውል የኢትዮጵያንና የሱዳንን ድንበር የወሰነ ነው። በዚሁ ውል ውስጥ እንግሊዞች በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ሥፍራ እንዲይዙና፣ ሱዳንን ከኡጋንዳ የሚያገናኝ የባቡር ሐዲድ በኢትዮጵያ መሬት ላይ እንዲያሳልፉ ተፈቅዶ ነበር። ሐዲዱ ሳይዘረጋ ቀረ፤ መርከቦቹ ግን መጡ። ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ ከካርቱም የሚነሡ የእንፋሎት መርከቦች በነጭ ዓባይና በሶባት አድርገው እስከ ጋምቤላ እየደረሱ፣ ጨውና ጨርቅ አራግፈው ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1956 ነፃ ስትወጣ ያ የንግድ ሥፍራ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። ለእነዚህ መርከቦች መንገዱ የሚከፈተው ለጥቂት ወራት ብቻ ነበር፤ ጥቅምት ሳያልቅ ያልወጣ መርከብ ውሃው ይጎድልበትና እስከሚቀጥለው ክረምት ባለበት ታስሮ ይቀራል።

በ1940ዎቹ መጀመሪያ እንዲህ ታስሮ የቀረ መርከብ ነበር። የወዳጄ አባት በዚያን ጊዜ በጋምቤላ የስልክ ሠራተኛ ናቸው። ከመርከቡ ሠራተኞች አንዱ የሆነ ጎልማሳ ሱዳናዊ በወባ ታመመ። የወዳጄ እናት ሰውየውን ከወንዙ ዳር አስነሥተው ወደ ቤታቸው አስገቡት፤ አጥሚት እየሰጡ፣ ላቡን እየጠረጉ ስድስት ሳምንት አስታመሙት። ወዳጄ በዚያን ጊዜ የአሥር ዓመት ልጅ ነበር፤ የመጀመሪያውን ዐረብኛ የተማረውም ከዚያ በሽተኛ አልጋ አጠገብ ተቀምጦ ነው። ሰውየው ክረምት ገብቶ መርከቡ ሲንቀሳቀስ፣ ‹‹ካርቱም ብትመጡ ቤቴ በውሃ ላይ ነው፤ ቁልፍም የለውም›› ብሎ ተሰናበታቸው። ወዳጄ ይህን ቃል ከአሥር ዓመት በላይ በልቡ ይዞት ኖረ።

እንግዲህ የዚያን ዓመት ዐቢይ ጾም በገባበት ሳምንት፣ በየካቲት 1955 ዓ.ም.፣ ከመተማ ደረቁን ወንዝ ተሻግረን ጋላባት ገባን። በጭነት መኪና ላይ ወጥተን 150 ኪሎ ሜትር ያህል በጥቁሩ መሬት ላይ ተጉዘን ገዳሪፍ ደረስን። ይህ መሬት በክረምት ጭቃው መንኰራኵር የሚውጥ ነው፤ በበጋ ደግሞ ተሰነጣጥቆ ሰውን እንደ ቆሎ ያንገዋልላል። ገዳሪፍ ስንደርስ ከፀጉራችን እስከ ጫማችን አንድ ቀለም ሆነን ነበር።

የምሥራቅ ሱዳን የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1924 ከሰላ፣ በ1928 ገዳሪፍ፣ በ1929 ሰናር ደረሰ። የተሠራበትም ዋና ምክንያት ጥጡንና እህሉን ወደ ፖርት ሱዳን ወደብ ለማውረድ ነው። ስፋቱ 1 ሜትር ከ6.7 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ከያኔው የጅቡቲ ሐዲዳችን በጥቂቱ ይሰፋ ነበር። እኛ ትኬት የቆረጥነው በዝቅተኛው ማዕረግ ነበር። ወንበሩ ጣውላ ነው፤ መስኮቱ አቧራ አይከለክልም፤ ነገር ግን አገርን ለማወቅ ለሚሻ ሰው ከዚያ የተሻለ ትምህርት ቤት አይገኝም። ከፊታችን አንድ የሰሊጥ ነጋዴ፣ ሁለት የጥጥ ለቃሚዎች፣ አንዲት ሕፃን ያቀፈች ሴትና አንድ የቁርዓን ተማሪ ተቀምጠዋል።

በዚያ ዓመት ረመዳንና የእኛ ዐቢይ ጾም ተገናኝተው ነበር። በሠረገላው ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ጾመኛ ነው፤ የአጿጿሙ ሥርዓት ይለያይ እንጂ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እኔ ዳቦ ቆሎዬን ከከረጢት ማውጣት ጀመርሁ። ወዳጄ እጄን ያዘና፣ ‹‹ቆይ እስቲ›› አለኝ።

‹‹የጾማችን ሰዓት ደርሷል እኮ›› አልሁት።

‹‹ደርሷል። የእነርሱ ግን አልደረሰም። ሦስት ሰዓት ብትታገሥ አትሞትም፤ ብቻህን ከምትበላ ግን ከእነርሱ ጋር ብትበላ ይጣፍጥሃል›› አለኝ።

በሆዴ እያጉረመረምሁ ከረጢቱን ዘጋሁ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ባቡሩ ከሐዋታ ጣቢያ አለፈና ወደ አንድ ድልድይ ተጠጋ። ከበታቹ ያለው ወንዝ ሰፊ አሸዋ ነበር፤ አልፎ አልፎ ብቻ ኩሬ ያብለጨልጫል፤ እረኞችም ከብቶቻቸውን በዙሪያው ሰብስበዋል። ወዳጄ በመስኮት አሳየኝና፣ ‹‹ይህን ወንዝ ታውቀዋለህን?›› ብሎ ጠየቀኝ። እንደማላውቀው ነገርሁት።

‹‹ታውቀዋለህ። ሽንፋ ነው። ባለፈው ወር ተሻግረኸዋል። እዚህ ሲደርስ ራሃድ ይባላል። ስሙን ቢለውጡበትም ከብቱ ይጠጣዋል›› አለኝ።

ወዲያው ጨለም ሲል ነጋዴው ከጥቅልሉ ቴምር አወጣ። የራሱን አፍ ሳያስነካ በመጀመሪያ ለሁለታችን ዘረጋልን። የጥጥ ለቃሚዎቹ ውሃ ሰጡን፤ እኛም ዳቦ ቆሎአችንን በመካከል አፈሰስን። የቁርዓኑ ተማሪ ዳቦ ቆሎውን እያገላበጠ ካየ በኋላ፣ ‹‹ይህ ዘር ነው ወይስ ምግብ?›› ብሎ ቢጠይቅ ሠረገላው በሙሉ ሳቀ። ወዳጄም በዐረብኛ፣ ‹‹ከተዘራም የሚበቅለው ወዳጅነት ነው›› ብሎ መለሰለት። ትዕግሥቱ የጣፈጠኝ በዚያን ጊዜ ነው።

በሌሊት የዲንደርን ወንዝ፣ ማለት የእኛን አይማ፣ አልፈን ሰናር ደረስን። በሰናር ሐዲዱ ዓባይን የሚሻገረው እ.ኤ.አ. በ1925 ተሠርቶ ባለቀው ግድብ ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ እስከ ዋድ መደኒና ከዋድ መደኒም አልፎ የጀዚራ የጥጥ እርሻ በየቦዩ መካከል ተዘርግቶ ይታያል። ያን ጥጥ የሚያጠጣው ከግሼ ዓባይና ከጣና የሚወርደው ውሃ ነው። ካርቱም የገባነው በማግስቱ ነው።

ካርቱም ሁለቱ ዓባዮች የሚገናኙባት ከተማ ናት። ከእኛ የሚወርደውን ዐረቦች ሰማያዊው ባሕር ይሉታል፤ በክረምት አፈራችንን ተሸክሞ ቡና መስሎ ሲወርድ፣ በየካቲት ግን ጎድሎና ጠርቶ እውነተኛ ሰማያዊ ይሆናል። የወዳጄን ዘመድ ቤት ያገኘነው በካርቱም ባሕሪ በኩል፣ የመርከብ መጠገኛው ባለበት ዳርቻ ነው። ከአገልግሎት የወጣች አንዲት አሮጌ የወንዝ መርከብ በወፍራም ገመድ ከግራር ግንድ ጋር ታስራለች። ሞተሯ ተነቅሏል፤ ቀለሟ ተልጧል፤ በላይኛው ወለል ላይ የሰሌን ጥላ ተሠርቶ ፍየል ታስሮበታል፤ በጣሳ የተተከለ በሶብላም ይታያል። የጋምቤላው በሽተኛ አሁን ሽበት የወረሰው ሰው ሆኖ፣ ሰፈርተኛው ሁሉ ‹‹ራይስ›› እያለ ይጠራዋል፤ በወንዙ ሰዎች ዘንድ የመርከብ አለቃ ማለት ነው። ያችን መርከብ እንዲጠብቅ ተፈቅዶለት ከባለቤቱና ከልጅ ልጁ ጋር ይኖርባታል።

ወዳጄ ከሳንቃው መረማመጃ ላይ ቆሞ ስሙን ሳይናገር የእናቱን ስም ብቻ ጠራ። ራይሱ ከተቀመጠበት ተነሣና በአማርኛ፣ ‹‹አጥሚት!›› አለ። ከአማርኛው የቀረችው ይህችው አንድ ቃል ነበረች። ከዚያ በኋላ ተቃቅፈው ለብዙ ጊዜ አልተነጋገሩም።

በመርከቧ ላይ አምስት ሌሊት አደርን። አልጋው የእርሱና የባለቤቱ ነበር፤ እነርሱ በወለሉ ላይ በሰሌን ተኙ። ብንከለክል ብንለምን አልሰማንም። በውሃ ላይ ማደር ለደገኛ እንግዳ ነገር ነው፤ ሌሊት አንድ ትልቅ መርከብ ሲያልፍ አልጋው ይነቃነቃል፤ ግድግዳውን ውሃ እንደ እንግዳ ቀስ ብሎ ያንኳኳል። ማታ ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ በላይኛው ወለል ላይ እንሰበሰባለን። ከማሽላ ብቅል የተጠመቀውን ሕሉ ሙር የተባለ የረመዳን መጠጥ፣ ቴምር፣ ባቄላ፣ እንደ እንጀራችን ቦክቶ የሚጋገረውን ስስ የማሽላ ኪስራም ያቀርቡልናል።

ከማዶ፣ በካርቱም ዳርቻ፣ ‹‹መሊክ›› የተባለችው የታወቀች መርከብ ትታይ ነበር። መሊክ ማለት ንጉሥ ማለት ነው። ይህች የጦር መርከብ እ.ኤ.አ. በ1896 በእንግሊዝ አገር ተሠርታ፣ የዓባይ ፏፏቴዎች እንዳያግዷት በየክፍሏ ተፈታትታ በባቡር በበረሃው ላይ ተጭና ከመጣች በኋላ፣ በአትባራ አቅራቢያ እንደ ገና ተገጣጠመች። እ.ኤ.አ. በ1898 በኦምዱርማን ጦርነት መድፏን ተኮሰች፤ በመተማ ንጉሣችንን የወጋው የደርቡሽ መንግሥት የወደቀው በዚያ ጦርነት ነው። ከ1926 ጀምሮ ግን ሰዎች ሻይ የሚጠጡባት የጀልባ ክበብ ቤት ሆነች። ኋላም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በመጣ ጎርፍ ተነሥታ የብስ ላይ ተቀመጠች። ራይሱ በጣቱ እያመለከተ፣ ‹‹ያችኛዋ በባቡር የመጣችው ሰው ለመግደል ነው፤ እናንተ በባቡር የመጣችሁት ሻይ ለመጠጣት ነው። ከእርሷ እናንተ ትሻላላችሁ›› እያለ ያሥቀን ነበር።

ለመሄድ ስንነሣ፣ ‹‹የዒድ ጨረቃ ሳትታይ ከዚህ አትንቀሳቀሱም›› አለን። ጨረቃዋም ታየች፤ የዒድ ዕለት በግ ታረደ፤ ጎረቤት ተሰበሰበ። እኛ ጾመኞች እንደ ሆንን ማን እንደ ነገረው አላወቅንም፤ ለሁለታችን ግን ለብቻ ድስት ባቄላ ተቀቅሎ፣ በሰሊጥ ዘይት ተለውሶ ቀረበልን። ባለቤቱ ዘይቱን እያሳየችን፣ ‹‹ብሉ፤ ይህ ከገዳሪፍ ነው፤ ከእናንተ ደጅ ነው›› አለችን። የእኛን ሥርዓት በበዓሉ ቀን ያስታወሰ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላ እምብዛም አላጋጠመኝም።

በመለያያችን ሌሊት በደመወዜ ልክ ጥቂት ገንዘብ በመሐረብ ቋጥሬ በትራሱ ሥር ላኖር አሰብሁ፤ ሐሳቤንም ለወዳጄ ነገርሁት። ወዳጄ ለራይሱ በቀጥታ እንዲነግረው ፈለገ። ራይሱም ሰምቶ ቆጣ ሳይል እንዲህ ሲል መለሰ፦ ‹‹በጋምቤላ የተኛሁበትን አልጋ ዋጋ የሚያውቅ ሰው ካለ ያንን ይክፈለኝና ይህን እቀበላለሁ። እናቱ ለእኔ ያደረገችውን እኔ ለእናቱ ልመልስ አልችልም፤ ለእናንተ አደረግሁት። እናንተም ለእኔ አትመልሱም። ወንዝ ወደ ኋላ አይፈስም፤ ወደ ፊት ስጡት።››

ይህ ቃል ፍሬ እንዳለው ያየሁት በመመለሻችን ነው። ከገዳሪፍ በመኪና ወርደን ጋላባት ስንደርስ መሽቷል። ደረቁን ወንዝ ተሻግረን በመተማ በኩል ስንደርስ የመግቢያው ሰዓት አልፎ መዝገቡ ተዘግቷል። በዚያም አንድ የቀን ሠራተኛ ሱዳናዊ፣ ባለቤቱና ትኩሳት የያዘው ልጃቸው በወንዙ አሸዋ ላይ ተቀምጠው ማለዳን ይጠብቁ ነበር። ወዳጄ በፈቃድ ላይ ነበር፤ ሥራው ከነገ ወዲያ ይጀምራል። እርሱ ግን ሻንጣውን እኔ ዘንድ ጥሎ ወደ ተረኛው ሄደ፤ አነጋገረው፤ ፋኖስ አስበራ፤ መዝገቡ ተከፈተ። የሰውየው ስም፣ የመጣበት አገር፣ የሚሄድበት ሥፍራና ቀኑ በሚገባ ተጻፈ፤ ማኅተሙም ታተመ። ልጁም በዚያው ሌሊት ወደ ጤና ረዳት ቤት ተወሰደ። ልብ በሉ፤ ወዳጄ አንዲት ሕግ አልጣሰም፤ አንድ መሥመርም ከመዝገቡ አልዘለለም። ያደረገው ነገር ቢኖር የተዘጋውን መዝገብ ከአንድ ሌሊት በፊት ማስከፈት ነው። ስንሄድ፣ ‹‹የተኛንበት አልጋ ዕዳ ነበር፤ የመጀመሪያውን ክፍያ ከፈልሁ›› አለኝ። ከዚያ በኋላ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በልዩ ልዩ ጠረፎች ሲያገለግል፣ ሰው የሚያስተናግድበት መንገድ ይህ ነበር።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ ይህ የሁለት ቤተ ሰቦች ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጊዜአችሁን ባልወሰድሁ ነበር። ነገር ግን በዚያ መንገድ ላይ የእንግድነቱ ብድር በሕዝብ ደረጃም ሲመላለስ ኖሯል። በጠላት ወረራ ዘመን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በካርቱም በእንግድነት ተቀምጠው፣ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ወደ አገራቸው የገቡት ከሱዳን ተነሥተው ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅና ጦርነት አንድ ሆነው ሲነሡብን፣ በመቶ ሺሕ የሚቆጠር ወገናችን በእግሩ ወደ ምሥራቅ ሱዳን ፈለሰ፤ በገዳሪፍ አውራጃ ያለው የኡም ራኩባ መጠለያ ከእነርሱ ብዙዎችን ተቀበለ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ከ50 ሺሕ በላይ ሰዎች ወደ ሱዳን ተሻገሩ፤ ያው ኡም ራኩባ እንደ ገና ተከፈተ። በእነዚያ ዘመናት የገዳሪፍ ገበሬ ራሱ የተትረፈረፈ ኑሮ የነበረው ሰው አልነበረም። ያካፈለው ከተረፈው ሳይሆን ካለው ነው።

ከዚያ በኋላ ተራው ተገለበጠ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ተነሣ። እኛ በባቡርና በጭነት መኪና የሄድንበትን መንገድ የካርቱም ሐኪሞች፣ መምህራን፣ ነጋዴዎች፣ ጸሐፊዎች፣ እናቶችና ሕፃናት ወደ መተማ ይወርዱበት ጀመር። ብዙዎቹ እንደ እናንተና እንደ እኔ በጠረጴዛ ዙሪያ የኖሩ የከተማ ሰዎች ናቸው፤ ድንኳን ሲገቡ የመጀመሪያቸው ነው። በምዕራብ ጎንደር በኩመርና በአውላላ መጠለያ ተሠራላቸው፤ በሥፍራው ጸጥታ ስለ ጎደለ እነዚህ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ተዘግተው አፍጢጥ ወደተባለው አዲስ ሥፍራ እንዲዛወሩ ሆነ። በእርግጥ የመተማና የአካባቢው ሕዝብ ራሱም በዚያ ዘመን በብዙ ችግር ውስጥ ነበር፤ በግጭትና በኑሮ ውድነት የተጨነቀ ሕዝብ እንግዳ ተቀበል ሲባል ሸክሙ ቀላል አይደለም። ይህን ማንም ሊክደው አይገባም። ነገር ግን በ1977ቱ ዘመንም ሸክሙ ለገዳሪፍ ቀላል አልነበረም።

ወዳጄ ይህን ሳያይ ዐርፏል። ቢኖር ኖሮ ምን እንደሚያደርግ ግን ለመገመት አያስቸግረኝም፤ ፋኖስ ያስበራ ነበር።

እንግዲህ ነገሬን ላጠቃልል። በመዝገብ ላይ የምንጽፈው የሰውን ስም፣ ዕድሜውን፣ የመጣበትን አገርና ቀኑን ነው። አያቱ በክፉ ቀን ማንን እንዳስጠለለ፣ አያቱም በማን ቤት እንደ ታመመና እንደ ዳነ የሚጻፍበት ዓምድ በመዝገቡ ውስጥ የለም። ይህ ዓምድ ስለሌለ ግን ዕዳው የለም ማለት አይደለም። ከፊታችን የቆመው ባለጉዳይ ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ፣ ማንንስ አስታሞ ማንንስ አብልቶ እንደ መጣ መዝገቡ ስለማይነግረን፣ የሚያዋጣው መንገድ ለሁሉም የሚገባውን አክብሮት መስጠት ነው። ሕጉ ይጠበቅ፤ መዝገቡ በሚገባ ይጻፍ፤ ማጣራት ያለበትም ይጣራ። ነገር ግን ዛሬ ሊፈጸም የሚችለውን ለነገ ማሳደር ሕግ አይደለም። ወንበር ያለው ሰው የቆመን ሰው ቢያስቀምጥ ሕግ አይጎድልም። ስም በማጣመምና ቃል በማክፋፋት የሚጠበቅ ድንበርም የለም።

አበው ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ያሉት፣ ጎረቤት ሁልጊዜ መልካም ነው ብለው አይደለም፤ ቤታችን ሲቃጠል ውሃ ይዞ የሚደርሰው እርሱ ስለ ሆነ ነው። ሱዳንና ኢትዮጵያ ብዙ ጊዜ ተዋግተዋል፤ ብዙ ጊዜም ተከራክረዋል፤ ወደፊትም የሚከራከሩበት ጉዳይ አይጠፋም። በዚህ ሁሉ መካከል ግን ሽንፋ ራሃድ ተብሎ ይወርዳል፤ ጓንግም አትባራ ተብሎ ይወርዳል። ሰውም እንዲሁ ነው፤ በአገሩ መምህር የተባለው በሰው አገር ስደተኛ ይባላል፤ በአገሩ ራይስ የተባለው በሰው አገር ቁጥር ይሆናል። ስሙ ተለወጠ እንጂ ሰውየው አልተለወጠም። ይህን ያወቀ የመንግሥት ሠራተኛ በየትኛውም ጠረፍ፣ በየትኛውም መስኮት ቢቀመጥ አገሩን ያስከብራል።